አትንኩኝ

ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ የወረሰችው የመጨረሻ ቃል አንድ ነበር፤ እሱም “አትንኩኝ” የሚል።

ሌላው ሰው ምርቃት ይወርሳል፣ አደራ ይወርሳል፤ ቢያንስ ቢያንስ የጆሮ ጌጥ። እሷ ግን የስፌት መኪናዋን እናቷ ታምማ በተኛችበት መኝታ ቤት፣ አልጋው አጠገብ አስጠግታ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ከርማ ያተረፈችው ይህንኑ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የእናቷን እጅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ እጇን ከልጇ እጅ አላቀቀችና “አትንኩኝ” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “ወጣች?” ስትል ጠየቀች።

በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

እስቲ አሁን ይህን ማን በምን ይፈታዋል? “አትንኪኝ” ብትላት እንኳ ትችለው ነበር፤ የታመመ ሰው ይነጫነጫል። “አትንኩኝ” ግን ለአንድ ልጅ አይባልም። ለብዙ ሰው ነው የሚባለው፤ መርፌ ይዘው አልጋ ለሚከብቡ የሆስፒታል ሰዎች። ልብስ ሰፊዋ የገባት እንዲህ ነው፦ እናቷ እሷን ረስታ ባዳ አድርጋ ታያታለች፤ ይባስ ብላ እነዚያን ባዳዎች “ያቺ ልጄ ወጣችልኝ ወይ?” እያለች ትጠይቃለች። እንዲህ የተባለች ልጅ ምን ታድርግ? ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ቆመች። ታናሽ ወንድሟ መድኃኒት ሊያመጣ ሄዶ ነበርና፣ ተመልሶ ሲገባ እናታቸው ብቻዋን አልፋለች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ወንድሟ እንኳ የሚያውቀው “ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር” ያለችውን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ስትለካ እጇን ትሰበስባለች። ሜትሩን በደንበኛ ወገብ ላይ ስታዞር ጣቷ እንዳይነካ ትጠነቀቃለች። ጣቶቿ ዕድሜ ልክ መርፌ የወጋቸው ናቸው፣ ይሻክራሉ። እናቷም በደህናው ጊዜ “እጅሽ እኮ ሞረድ ሆነ፣ ልጄ” ብላ ስቃባት ታውቃለች። ያኔ አብራ ስቃ ነበር። አሁን ግን ቀልድ አይመስላትም።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚስትና ልጆቹን ይዞ በእናታቸው ቤት የሚኖረው ወንድሟ ወደምትሰፋበት ክፍል መጣ። መካኒክ ነው። ሰው ጋራዥ ሲቀጠር ኖሮ አሁን የራሱን ሊከፍት ቆርጧል፤ ያለው ቦታ ደግሞ የእናታቸው ጓሮ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያሽ ቆየ።

“እታለም፣ የእማን አትክልት ሲሚንቶ ላለብሰው ነው። ትቀየሚኛለሽ?”

“ለምን እቀየምሃለሁ?” አለች ከስፌቱ ቀና ሳትል። “አልብሰው። ድሮም ጭቃ ነው።”

ክርክር ጠብቆ ነበር የመጣው። እሷ ግን እውነቷን ነው፤ ያንን ጓሮ አትወደውም። እናቷ ስትኖር የኖረችው እዚያ ተንበርክካ አፈር ስትዳብስ ነው። አፈር ስትነካ ደግሞ እጇ እንዴት ይለሰልስ ነበር! ለልጅ ያልተረፈ እጅ፣ ትላለች በሆዷ። በአፈር መቅናት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ቅናት ነበር።

የሆነ ሆኖ ነፍስ ያለውን ነገር በሲሚንቶ መቅበር ነውር ነው። ጎረቤት እየመጣ የሚፈልገውን እንዲነቅል ተነገረ፤ መጡም። ጽጌረዳውን ዳቦ ጋጋሪዋ በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደች። ረጅም ቅጠል ያለውን፣ የአማት ምላስ የሚባለውን፣ ጡረተኛው መምህር ታቅፈውት ሄዱ፤ “ዋናዋ ቤቴ አሉልኝ፤ ይቺኛዋ ቢያንስ ዝም ትላለች” እያሉ። ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፣ ግን ከአንገት በላይ።

በመጨረሻ የቀረው ከመሬት በታች ያለው ነበር። በእናቷ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ስትቆፍር ቅጠል የሌላቸው፣ ግንድ የሌላቸው፣ ሽንኩርት መሳይ ሥሮች ተከታትለው ወጡ። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው የሚለየው በዘሩ ይሁን በዕድሜው ማን ያውቃል። በደረቁ ወር አበባ ሁሉ ተኝቶ፣ ከላይ ምልክት የሚሆን አንድ ቅጠል እንኳ የለም። በባዶ እጇ እየለቀመች የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞላችው።

እነዚህን ማንም አልፈለጋቸውም። ሰው ስሙን የማያውቀውን ነገር ቤቱ አያስገባም። መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩና “የጅብ ሽንኩርት ይሆናል፤ ይገድላል” አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ “ኧረ ይተዉ! እሷ መርዝ ትተክላለች እንዴ?” ብላ ተቆጣች። ወንድሟ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ጠየቀ። ስልኩ መጀመሪያ “ቀይ ሽንኩርት” አለ፤ አገላብጦ ሲያነሣው “የሕፃን ጫማ” አለ።

“ይሄ ስልክ ከእኔም ብሷል” አለ ወንድሟ።

የወንድሟ ሚስት ግን አልሳቀችም። ሳፋው ኩሽና ውስጥ ከሽንኩርቱ ቅርጫት አጠገብ ተቀምጦ ኖሮ፣ አንዱን ልጣ ልትከትፈው ስትል ነው ሽታው አልጥም ብሏት የተወችው። “ልጆች አሉኝ። ወይ ስሙ ይታወቅ፣ ወይ ከዚህ ቤት ይውጣልኝ” አለች። ምን ይባላል? እውነቷን ነው።

ልብስ ሰፊዋ ልትጥለው ነበር። ነገር ግን አንድ ሐሳብ ያዛት። እናቷ አልጋዋ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ በዚያ መስኮት ስታይ የከረመችው ይህንን ነው ማለት ነው። ከእኔ እጅ የበለጠባት ነገር፣ አለች በልቧ፣ ስሙ ማን ይባላል? ይህን ሳታውቅ ሲሚንቶው ቢፈስ ዕድሜ ልኳን ሲከነክናት እንደሚኖር ገባት። ዳቦ ጋጋሪዋን ጠየቀቻት።

“አዋላጇ ያውቃሉ እንጂ!” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። “ከእናትሽ ጋር አጥር ለአጥር ሆነው ተክል ሲለዋወጡ የኖሩ ናቸው። አሁን ልጃቸው ዘንድ ፎቅ ላይ ነው ያሉት።”

ያን ሌሊት እጇን ሲያሳክካት አደረ። የአፈሩ ነገር ነው ብላ ንቃ ተወችው። በማግስቱ ከየመጠኑ ጥቂት ሥሮች መርጣ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥራ ሄደች።

አዋላጇ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው በረንዳቸው በየቆርቆሮውና በየተሰነጠቀው ድስት በተተከለ ነገር ተጨናንቆ ማለፊያ የለውም። በሩን ከፍተው ሲያዩዋት “ውይ፣ የእናትሽ ዓይን!” ብለው አቀፏት። መታቀፍ ስለረሳች ደርቃ ቆመች። ለቅሶው ላይ ታምመው ተኝተው እንደነበር፣ እስከ ዛሬ እንደሚቆጫቸው ነገሯት። ከዚያ እሷ ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ ፈታች።

አዋላጇ ሥሮቹን ከማየታቸው በፊት የእጇን አንጓ አዩት። ቀልቶ፣ ሽፍ ብሎ፣ አካባቢው አብጧል።

“በባዶ እጅሽ ነው እንዴ የቆፈርሽው?”

“አዎ፣ እትዬ። ምነው?”

“ምነው ትለኛለች እንዴ! አትንኩኝ!” ብለው ሳቁ።

ልብስ ሰፊዋ ከጠረጴዛው ላይ እጇን ነጠቀች። “ይቅርታ፣ እትዬ፣ መንካቴ አይደለም…”

“ኧረ አንቺን አይደለም! ተክሏን ነው። አትንኩኝ ስሟ ነው። ከእሷ በቀር እንዲህ ቆዳ የሚልጥ ጓሯችሁ ውስጥ የለም። እናትሽ ናት ስም ያወጣችላት፤ ሌላ ስሟን እኔም አላውቅ።” አንዱን ሥር አንሥተው በጨርቁ ጫፍ ይዘው አገላበጡ። “ሰበቡ ደግሞ አንቺው ራስሽ! ሰፈር ያወቀውን አንቺ አልሰማሽም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።”

“እኔ?”

“አንቺና ወንድምሽ። አንቺ ገና አፍሽን የፈታሽ፣ እሱ ገና የቆመ ሰሞን ነው። ሁለታችሁ ቆፍራችሁ አውጥታችሁ ዕቃ ዕቃ ስትጫወቱባት፣ ትንንሽ እጃችሁ እንዲህ ቀላ፣ አበጠ። ጩኸታችሁ እኔ ቤት ድረስ! እናትሽ አራቱንም እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ እፍ ስትልላችሁ ዋለች። ‘ልጆች፣ ይቺ አበባ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ? አትንኩኝ ነው የምትለው’ ትላችኋለች። በዚያው አትንኩኝ ሆና ቀረች። እናንተ አድጋችሁ ረሳችሁት፤ እኛ ግን በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም።”

ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ ለማስታወስ አልሞከረችም፤ ራሱ መጣባት። አበባውን አይደለም፣ ማልቀሷንም አይደለም። የመጣባት ጎድጓዳ ሳህን፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በእርጥብ እጇ ላይ ደግሞ የሚያርፍ የእናት ትንፋሽ ነው። ከየት እንደሆነ ሳታውቀው አብሯት የኖረ ትንፋሽ።

አዋላጇ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። “እንዳትጥያት አደራ! የዋዛ አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ የለም፣ ሞታለች ትያለሽ። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ግን ቅጠሏን እንኳ ሳትጠብቅ፣ አበባዋን ብቻ ይዛ ብቅ! እናትሽ ያኔ በአጥሩ ላይ ነበር የምትጣራው። ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ፣ ለእኔ የሰጠችኝ እዚህ ድስት ውስጥ በስብሳ እስክትቀር፣ በስልክ። ደህና አደሩ የለ፣ እንዴት ሰነበቱ የለ፤ ስልኩን ሳነሣው ‘አትንኩኝ ወጣች?’ ነው የምትለኝ።”

ልብስ ሰፊዋ የወንበሩን ክንድ ያዘች።

“ይድገሙልኝ፣ እትዬ። ምን ነበር የምትልዎት?”

“አትንኩኝ ወጣች? ነዋ።” የእናቷን ድምፅ አስመስለው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ አድርገው አሉት። ልክ እንደዚያን ጠዋት።

ያኔ አፏ ተከፈተ። ዓመት ሙሉ የዋጠችውን አንድ በአንድ አወጣችው፤ የያዘችውን እጅ፣ ቃሉን፣ ኮሪደሩን። እያለቀሰች ስለሆነ አዋላጇ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጠየቋት።

“ቀኑ ምን ይመስል ነበር?” አሉ ቀስ ብለው።

“ዝናብ ጥሎ ነበር ያደረው። የዓመቱ የመጀመሪያ።”

አዋላጇ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ስንቱን የሚያምጥ ሰው ሲያበረቱ የኖሩ ሴት ማጽናኛ ቃል ያልቅባቸዋል ተብሎ አይታሰብም፤ አለቀባቸው። በመጨረሻ ያሉት እውነቱን ነው።

“እጇን ያላቀቀችው መስኮቱን ልታሳይሽ ነው፣ ልጄ። ሂጂና እይልኝ ማለቷ ነው። ስትወጪ ደግሞ ልታዪላት የሄድሽ መስሏት፣ ወሬውን ይዘሽላት እስክትመለሺ ጠብቃሻለች።”

ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ እንደተፈታ ትታ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። እናቷ አልጠላቻትም፣ አልገፋቻትም፣ አልረሳቻትም። ነገር ግን ያ ድንጋይ ከደረቷ ሲወርድ ከሥሩ ሌላ ኖሯል፦ እናቷ ዓይኗን በር በሩ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሞታለች፣ ልጇ ከበሩ ወዲህ ቆማ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። መንገድ ላይ ሰው እያየ አለቀሰች፤ ደግሞም አላፈረችም።

እናቷ ቤት ስትደርስ ሳፋው ታጥቦ ግድግዳው ሥር ተደፍቷል።

“እዚህ ውስጥ የነበረውስ?”

“ደፋሁት” አለች የወንድሟ ሚስት። “እጅሽን አላየሁትም መሰለሽ? ልጆቹ ቢነኩትስ? ከድንጋዩ ሥር ጨምሬዋለሁ። ነገ ሲሚንቶው ሲፈስ እንገላገለዋለን።”

ጓሮው ወለል ሊሆን በድንጋይና በጠጠር ተሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ገባችበትና ድንጋዩን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። ወንድሟ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ሲገባ እህቱ በጉልበቷ ተንበርክካ ጠጠር ስትዝቅ አገኛት። ልክ እንደ እናቱ። ከረጢቱን አወረደ።

“እታለም፣ ምን ጠፋብሽ?”

“ሽንኩርቶቹ።”

“እነዚያ ስማቸው የማይታወቀው?”

“ታውቋል።”

አንድ ድንጋይ ገልብጣ ወደ ጎን አሽቀነጠረች። እሱም ፊቷን አይቶ አልጠየቀም። “እብደት በዘር ነው” ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ አጠገቧ ተንበረከከና ትልልቁን ድንጋይ ማንሣት ያዘ።

ከድንጋዩ ሥር የወጡት ሥሮች ተላልጠዋል፣ አንዳንዱ ተጨፍልቋል፤ ሁሉም በአቧራ አንድ መልክ ሆነዋል። የትኛዋ ናት አትንኩኝ? መለያው አንድ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን እስከ ክርኗ ገለጠች። አንዱን ሥር በጥፍሯ ጫር አድርጋ ጭማቂውን የክንዷ ውስጥ ላይ አሸችውና ጠበቀች። ምንም የለም። ወደዚያ አስቀመጠችው። ሌላውን ጫረች፣ ጠበቀች። ሦስተኛው ላይ ቆዳዋ ሞቀ፣ ቀጥሎ ቆጠቆጣት፣ ከዚያ እንደ እሳት ፈጃት። ያንን ሥር ጭኗ ላይ አኖረችው።

“ራስሽን ለምን ታቃጥያለሽ? ጓንት ላምጣልሽ” አለ ወንድሟ።

“በጓንት አይታወቅም” አለችው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክንዷ ከላይ እስከ ታች በቀይ ክር የተጠለፈ መስሏል። ጭኗ ላይ ግን ጥቂት፣ ደህና የሆኑ አትንኩኞች ተሰብስበዋል። ወደ ወንድሟ ዞረች።

“ከመስኮቱ ሥር አንድ ክንድ ያህል መሬት ተውልኝ።”

ለክቶ የጨረሰው ወለል ነው፤ መኪና ሲገባ እንደሚጠበው ያውቃል። መስኮቱን አየ፣ ክንዷን አየ።

“ይጥበብ” አለ።

እንዲሁ ሆነ። ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ደረቀ፤ ከመስኮቱ ሥር አንድ ቀጭን የአፈር መስመር ቀረ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ እናቷ ክፍል መለሰችና መስኮቱ ዘንድ አስቀመጠችው። ቀሚስ እየሰፋች አፈሩን ታያለች። “ምን ልታይ ነው?” ይላሉ ደንበኞቿ፤ ሲሚንቶ ነው የሚታየው። ሥሮቹ ቆስለው ነበርና፣ በስብሰው ቢሆንስ እያለች ትባባለች። ያቺ ብቅ ካላለች መልስ የምትሰጠው በምን አፏ ነው? ጥያቄው ዓመት ሙሉ ሳይመለስ ቆሟል፤ የሚመልሰው ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ብዙ ጊዜ ዋሸ። አንድ ሌሊት ግን እውነቱን ሆነ፣ ሲያወርደው አደረ። ሲነጋ ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ከፈተች። አፈሩ ጠቁሮ ረጥቧል፤ ከመሃሉ አንዲት ብቻ ራቁት አገዳ ወጥታለች፣ ቅጠል የላት፣ ምን የላት። ጫፏ ላይ ቀይ አበባ አለ፣ ገና እየተፈታ ያለ።

ልትነካት አልወጣችም። ከመስኮቱ ተመልሳ የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ያን ጠዋት ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። የእናቷ እጅ የነበረበትን አንሶላ በሻካራ እጇ ዳበሰችው።

“ወጣች፣ እማ” አለች። “ይኸው አይቼ መጣሁ። ወጣች።”

ወንድሟ ጋራዡን ሊከፍት ሲያልፍ ድምጿን ሰምቶ ኖሯል። ገባና ከኋላዋ ቆሞ ግራሶ የለመደ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

“ማን ናት የወጣችው?”

“አትንኩኝ” አለች ሳትዞር።

እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ግራ ገብቶት፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ ቅሬታ በሆነ ድምፅ፣ “ብቻዬን እኮ ነኝ፣ እታለም” አለ። “ስንት ሆኜ ነው የታየሁሽ?”

ልብስ ሰፊዋ ዞረች። እየሳቀች ነው፣ እንባዋ ይወርዳል። የሸሸውን እጅ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ሳበችው።

“ና፣ ተቀመጥ። የምነግርህ ነገር አለ” አለችው።

ተቀመጠ። ያን ጠዋት ውሃ ልትቀዳ አለመውጣቷን ነግራው፣ ሁሉንም ነግራው እስክትጨርስ፣ ካለቀም በኋላ ሁለቱም መስኮቱን ሲያዩ፣ እጁን አልለቀቀችም።